ሁለቴ ሲንኳኳ

ሴፕቴምበር 9

ዛሬ የኔፕቱን ሐውልት ፊት ቆሞ ለጎብኚዎች እየተናገረ ሳለ ድምፁ ወንድሜን ኔሪዮን ጥሎት ሄደ። አፉ ይንቀሳቀሳል፣ የሚወጣው ግን ዘይት እንዳልነካው በር ሲጥ የሚል ነገር ነው። ጎብኚዎቹ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። እሱም ሳቀና ውሃ ጠጥቶ ቀጠለ።

የወንድሜ ጉሮሮ ቢዘጋ አይገርመኝም። በቦሎኛ የጉብኝቱ ወቅት ሊያልቅ ሲል ድምፁ ያልሻከረ አስጎብኚ ካለ ሥራ ያልሠራ ነው። ጁን ላይ እንደ ቄስ ሲያዜሙ የነበሩት ሁሉ አሁን እንደ ጎረምሳ አውራ ዶሮ ነው የሚጮኹት። እኛ «የወቅቱ ጉሮሮ» እንለዋለን። ማር በወተት ይጠጣል፣ ኖቬምበር ላይ ሥራው ሲቀዘቅዝ ዝም ይባላል፣ ይድናል። ኔሪዮ ደግሞ እንደ ሌሎቹ ማይክሮፎን አይይዝም፣ ጆሮ ላይ የሚሰካውንም ነገር ለሰው አያድልም። «ጆሮው ውስጥ ድምፅ የሰካህለት ሰው ቀና ብሎ አያይም» ይላል። በባዶ ጉሮሮው ነው የሚሠራው። ኩራቱ ይኸው ነው።

እኔ ጭራ ነኝ። አረንጓዴ ጃንጥላ ይዤ ከሰልፉ ኋላ እሄዳለሁ፤ አይስክሬም ሊገዛ የጠፋውን እሰበስባለሁ፣ ጫማዋን የምታስረውን አሮጊት እጠብቃለሁ። ሁሉም ሲደርስ በጃንጥላዬ ጫፍ የመንገድ ዳሩን በረንዳ ዓምድ ሁለቴ አንኳኳለሁ። ሁላችንም አለን፣ ቀጥል ማለት ነው። ኔሪዮ ያን ካልሰማ አፉን አይከፍትም። እናታችን ከሞተች ወዲህ በእሷ ቤት አብረን የምንኖር፣ ትዳር ያልያዝን እህትና ወንድም ነን። እቤት ብዙም አናወራም፤ ቀኑን ሙሉ ሲያወራ ስለዋለ ማታ እንዲያርፍ እተወዋለሁ።

ሴፕቴምበር 14

ጉብኝታችን የሚነሣው ከቲልዴ ቡና ቤት ደጃፍ ነው። ዛሬ ኔሪዮ ውጭ ሰዎቹን ሲቀበል ቲልዴ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ጠጋ አለችኝ።

«ስሚ ሎሬታ፣ ይሄ የወቅት ጉሮሮ አይደለም።»

«አንቺ ደግሞ መቼ ሐኪም ሆንሽ?»

«ሐኪም አይደለሁም። ይሄን ለፍላፊ እየሰማሁ ነው ያረጀሁት። ድምፁ አልደከመም፣ ተቀይሯል።»

«ስኳሩን አቀብዪኝ» አልኳት።

ለሰው ጉሮሮ ሐኪም የማይሆን የለም።

ሴፕቴምበር 19

በችኮላ። ለማንኛውም ብዬ ለ23 የጉሮሮ ሐኪም ቀጠሮ ይዤለት ነበር። ዛሬ ከቤርጋሞ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ደወሉ፣ ትልቅ ቡድን ነው፣ በዚያው ቀን። ኔሪዮን ጠየቅሁት። ድንች እየላጠ ነበር፤ ትከሻውን ነቅነቅ አደረገ። ቀጠሮውን ከኖቬምበሩ የቅዱሳን ሁሉ በዓል በኋላ አስደረግሁት። ወቅቱ ካለፈ በኋላ ይሻላል። ራሱ ነው ያለኝ ማለት ይቻላል።

ሴፕቴምበር 23

መዘምራኑ መጡ። እንዲህ የሚሳሳቁ ሰዎች አይቼ አላውቅም።

ከፖደስታው፣ ከድሮው የከተማ ገዢ፣ ሕንፃ ሥር ያለው መተላለፊያ ስንደርስ ኔሪዮ እንደ ልማዱ የተኳረፉ ባልና ሚስት በዓይኑ ፈለገ። ማግኘት አያቅተውም፣ በአረማመዳቸው ያውቃቸዋል። አንዱን በአንዱ ጥግ፣ ሌላዋን በማዶው ጥግ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙሮ አቆማቸው። ከአንዱ ጥግ የተንሾካሾከው ነገር ጣሪያው ቅስት ላይ ተሳፍሮ ማዶ ላለው ጆሮ ይደርሳል፤ መሀል የቆመው ምንም አይሰማም። ድሮ ለምጻሞች በዚህ ይናዘዙ ነበር ይባላል። «ፊት ለፊት የማትባባሉትን እዚህ ተባባሉ» አላቸው። ሚስትየው ብዙ አወራች። ባልየው፣ ያ ወፍራም ዘማሪ፣ ተመልሶ ሲመጣ ፊቱ ቀልቶ፣ የሚስቱን ቦርሳ ተቀብሎ ያዘላት።

ስትራዳ ማጆሬ የሚባለው ጎዳና ስንደርስ ኔሪዮ እጁን ጉሮሮው ላይ አድርጎ አየኝ። «አንቺ ንገሪያቸው» አለ።

በዚህ ሁሉ ዘመን ብሎኝ አያውቅም። ዓምዱን ደገፍ ብሎ ቆመ፤ እኔ ወደ ፊት ወጣሁ። በረንዳው ጣሪያ እንጨት ላይ ስለተሰኩት ሦስት ቀስቶች፣ ሰው ሊገድሉ ስለመጡት ቀስተኞች፣ መስኮት ላይ ራቁቷን ብቅ ስላለችው ሴትና ደንግጠው ወደ ላይ ስለመተኮሳቸው በአንድ ትንፋሽ ነገርኳቸው። ሳቁ፣ አጨበጨቡም። ደስ አለኝ፤ ምን እዋሻለሁ። እስከ ቤት ድረስ ደስ ብሎኝ ነው የሄድኩት።

ሾርባው ላይ ሳለን ኔሪዮ «ቸኮልሽ» አለኝ በዚያ በሻከረ ድምፁ። «መጀመሪያ ዝም በያቸው። ጣሪያውን ይዩ፣ ይጨነቁ። ቀስቶቹን ራሳቸው ያግኟቸው። ከዚያ ነው ወሬው።»

«አጨበጨቡልኝ እኮ።»

«መዘምራን ናቸው። ለመጋረጃም ያጨበጭባሉ።»

የዛሬው ቀን ቀጠሮው የነበረበት ነው። ይኼ ለምን ትዝ እንዳለኝ አላውቅም።

ኦክቶበር 4

የከተማችን ጠባቂ የቅዱስ ፔትሮኒዮ በዓል። አደባባዩ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ታሊያቴሌ ፓስታ በሥጋ ስጎ ሠራሁ፣ እናታችን ትሠራው እንደነበረው ስጎውን ከጠዋት ጀምሬ ጣድኩ። ኔሪዮ ሁለት ሹካ ቀምሶ አቆመ። ሲውጥ ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞራል። «ጨው በዛበት?» አልኩት። አይደለም በሚል ራሱን ነቀነቀ። ቀበቶው ላይ በሚስማር አዲስ ቀዳዳ በስቷል። ብዙ ስለሚሄድ ነው የከሳው።

ኦክቶበር 13

መሀረቡን ራሱ ሲያጥብ አገኘሁት፣ በቀዝቃዛ ውሃ፤ ውሃው ቀላ ብሏል። የጠጣበትን ኩባያ አጥቦ የማያውቅ ሰው። «ምን ሆነህ ነው?» ስለው በሩን በእግሩ ዘጋብኝ። ዛሬ ሁለት ቡድን ነበረን፣ ሁለቱንም ግማሽ ግማሽ እኔ ነኝ ያወራሁት።

ኦክቶበር 21

ጋሪዘንዳ ማማ ዙሪያ ከታጠረው አጥር ጎን ቆሜ የጠፋች ሴትዮ ስጠብቅ ሁለት አስጎብኚዎች ሲያወሩ ሰማሁ፤ ጀርባዬን ስለሰጠኋቸው አላወቁኝም።

«ኔሪዮ ያለቀለት ይመስላል።»

«እህቱ ግን ፊት ፊት ማለት ጥማት ሆኖባት ኖሯል። አላየሃትም? በርታለች።»

ዞሬ ልሰድባቸው ነበር፤ ምን እላለሁ? ሴትዮዋ መጣች፤ ዓምዱን ሁለቴ አንኳኳሁና ሄድን። ቀኑን ሙሉ የፊቴ ሙቀት አልበረደልኝም። ዛሬ ጠዋት መስታወት ፊት ቆሜ የቀስቶቹን ታሪክ ስለማመድ ነበር። ከንፈሬንም ቀለም ቀብቼ ነበር። ወንድሜ ማዶ ክፍል ሲያስል እየሰማሁ።

ኖቬምበር 2

የሙታን ቀን። ቼርቶዛ መካነ መቃብር ሄደን ለእናታችን የክሪሳንቴም አበባ አኖርንላት። ጸሎቱን ሁሌ ጮክ ብሎ የሚያደርሰው እሱ ነው፤ እናታችን ትወድለት ስለነበር። ዛሬ ጀመረና ድምፁ አልወጣም። እንደገና ጀመረ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ክንዴን ያዘኝ፣ እኔ ጨረስኩት። ስወጣ አለቀስኩ። ብርዱ ነው አልኩት።

ኖቬምበር 6

ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ጥፍሯን አጭር አድርጋ የቆረጠች። በአፍንጫው ቀጭን ካሜራ አስገብታ ስታይ ፊቷን ነው የማየው፤ ፊቷ ምንም አይልም። ናሙና ወሰደች።

«ድምፅዎ እንዲህ ከሆነ ምን ያህል ጊዜ ሆነው?» አለችው።

«ከሴፕቴምበር ወዲህ ነው» አልኩ እኔ ቀድሜ።

ኔሪዮ ራሱን ነቅንቆ «ከጁን» አለ።

ጁን! እኔ ከኋላው እየሄድኩ ከጁን ጀምሮ ምን ስሰማ ነበር?

«ታዲያ ለምን ቶሎ አልመጡም? እዚህ እንደማየው ሴፕቴምበር ላይ ቀጠሮ ነበረዎት፣ ተላልፏል።»

የጫማዬን ክር እያየሁ ነበር። ኔሪዮ ጉሮሮውን ጠራርጎ «ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ ዶክተር» አላት። «የእኛ ሰው ሁሉ በዚህ ወራት ድምፅ የለውም። የሥራ ነገር መስሎኝ ነው።»

አውቶቡስ ላይ ሳለን ያን ቀን አሰብኩ። ትከሻውን ነቅንቆ ነበር እኮ። ድንቹን እየላጠ።

ኖቬምበር 15

ካንሰር ነው። ማንቁርቱ መውጣት አለበት አሉ፤ ሙሉ በሙሉ። ጨረር ብቻ የሚበቃበት ጊዜ አልፏል። አንገቱ ላይ በሚከፈት ቀዳዳ ይተነፍሳል። «ድምፅስ?» አልኳት። ማሽን አለ፣ ልምምድ አለ፣ ግን የነበረው ድምፅ አይመለስም አለች። አላባበለችንም፣ ለዚያ አመሰግናታለሁ።

ኔሪዮ ኮቱን ለብሶ ተነሣ። በሩ ላይ «አልፈልግም» አላት። «እሱን አውጥታችሁ የምትተዉትን ሰው አላውቀውም።»

ኖቬምበር 17

አልሄድም ብሏል። ለመንኩት፣ ጮህኩበት፣ ሳህን ሰበርኩ። እሱ ሊጮህብኝ ሞክሮ ሳል ያዘው። ያን ጊዜ ጩኸቴን ዋጥኩት።

ኖቬምበር 18

ቲልዴ የወይን ጠጅ ይዛ ቤት ድረስ መጣች። ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ ገጭ አድርጋ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ሞትን መረጥክ አሉ።»

«እናንተ ሴቶች ወሬ...»

«ዝም በል። አንድ ቀን ዝም ስትል ሳላይህ አትሞትብኝም። ትንሽ ልረፍ እኔም።»

ሳቀ፣ ሳቁ ትንፋሽ ብቻ ነው። ቲልዴ አብራው ስትስቅ ቆይታ ድንገት ፎጣዋን ፊቷ ላይ አደረገች። ቡና ቤት ዘግታ ስትመጣ ፎጣውን ትከሻዋ ላይ ረስታው ነበር።

ኖቬምበር 23

ይህን በዝግታ ልጻፈው።

ዛሬ ከፓዶቫ የመጡ ጡረተኞች ነበሩን። ቲልዴ ደጃፍ ላይ ኔሪዮ ምንም ሳይለኝ ጃንጥላውን ከእጄ ወሰደና ኋላ ሄዶ ቆመ። እኔ ባዶ እጄን ፊት ቀረሁ። ምን ላድርግ፣ ጀመርኩ።

መጀመሪያው ዓምድ ላይ አራት ጊዜ አንኳኳ፤ ሁሉም ደንግጠው ዞሩ። ቀጥሎ አንዴ ብቻ አንኳኳና ረሳው። አንድ ሽማግሌ ቋሊማ መደብር ውስጥ ገብቶ ሞርታዴላ ሲመርጥ ጥሎት መጥቶ፣ ሮጦ ሄዶ በክንዱ ይዞት ተመለሰ። እንዲህ የማይረባ ጭራ በከተማው የለም። እየሳቅሁ ነበር፣ ንግግሬን ሁሉ አበላሸሁት።

ማምሻውን በረንዳ ለበረንዳ ስንመለስ ቀስ እያለ አወራኝ፣ ለመስማት ጠጋ ማለት ነበረብኝ።

«ፊት ሆኜ የማየው ፊታቸውን ነው። ዓይናቸው እኔ ላይ ነው። ከኋላ ግን... ወሬው ካለቀ በኋላ ዞር ብለው ይቀራሉ፤ አየሽ? ሁሉም ሲሄድ አንዱ ይቀርና ግድግዳውን በእጁ ይነካል። ማንም ያላየው መስሎት።»

«ሁሌ ነው። በየጉብኝቱ አንድ አይጠፋም።»

«ይሄን ሁሉ ዓመት ስታዪ ኖረሽ አልነገርሽኝም?»

«መቼ አናገርከኝ?»

ቆመ። ጃንጥላውን አየው። ቤት ደረስን። ኮቱን ሲሰቅል «ለሐኪሟ ደውዪላት» አለኝ።

ደወልኩ። ስልኩን ባታነሣ ደጋግሜ ደወልኩ። አንድ ደቂቃ እንኳ ላስተላልፍ አልፈለግሁም።

ዲሴምበር 3

ቀዶ ጥገናው ነገ ነው። ዛሬ ከሰዓት በኋላ «እንውጣ» አለ፣ ሻርፑን ጠምጥሞ። የገና መብራት ተሰቅሏል፣ የተጠበሰ የካስታኛ ፍሬ የሚሸጡት ወጥተዋል። ከፖደስታው ሕንፃ ሥር ስንደርስ በእጁ ማዶውን ጥግ አሳየኝ፣ እሱ ወደዚህኛው ሄደ። ለዘመናት የሰውን ባልና ሚስት እያቆምን እኛ ቆመን አናውቅም።

ግንባሬን ድንጋዩ ላይ አስጠግቼ ጠበቅሁ። ለሹክሹክታ የደህና ሰው ጉሮሮ አያስፈልግም። ቃሉ ጥርት ብሎ መጣ፣ ጆሮዬ ሥር የቆመ ያህል፣ የልጅነት ድምፁን መስሎ።

«ሎሬታ። ስለ ቀስቶቹ ስታወሪ አትቸኩይ።»

ይኸው ነው። ሌላ ጠብቄ ነበር፤ ምን እንደሆነ ግን እንጃ። «እሺ» አልኩት። ከዚያ የሴፕቴምበሩን ልነግረው አፌን ከፈትኩ። አንዲት ሴትዮ ሁለት ልጆች ይዛ መጥታ ኋላዬ ቆመች፤ ተራ መጠበቃቸው ነው። ቦታውን ለቀቅሁላቸው። ልጆች ናቸው፣ ምን ይደረጋል።

ወጥተን ሥጋ የታጨቀበት ቶርቴሊኒ ፓስታ በመረቅ አዘዝን። እሱ መረቁን ብቻ ጠጣ። የቲልዴን አለባበስ አማ፣ ከንቲባውን አማ፣ የዝናቡን ነገር አወራ። ሁሉን ሰማሁ። አንዱንም አላቋረጥኩትም።

ዲሴምበር 4

ገብቷል።

አልወጣም ገና።

ቲልዴ አጠገቤ ናት። ታንኮራፋለች።

ወጣ። ደህና ነው አሉ።

ዲሴምበር 22

ዛሬ ቤት ገባ። ቤቱ ዝም ብሏል። ያ ሌሊቱን ሙሉ ግድግዳ የሚያነቃንቀው ማንኮራፋቱ እንኳ የለም። ከአንገቱ የሚወጣውን ትንፋሽ ለመስማት በሩ ላይ እቆማለሁ።

ከሰዓት ስልኩ ጠራ። ኔሪዮ ቅርብ ስለነበር እንደ ልማዱ አንሥቶ ጆሮው ላይ አደረገው። አፉን ከፈተ። ከዚያ ስልኩን አየው። እንደዚያ ሲያይ ያየሁት እናታችን የሞተች ዕለት ብቻ ነው። ከእጁ ወስጄ «አቤት» አልኩ። «የኔሪዮ ጉብኝት ነው?» አለ ሰውየው። «አዎ፣ የኔሪዮ ነው» አልኩት።

ወጥ ቤት ገብቼ ውሃውን ከፍቼ አለቀስኩ። ኔሪዮ መጣና ቧንቧውን ዘጋው። ውሃ ሲባክን አይወድም።

ጃንዋሪ 18

ማሽኑን አንገቱ ላይ አድርጎ አንድ ጊዜ ሞከረው። እንደ ንብ የሚጮህ ድምፅ ወጣ። መሳቢያ ውስጥ ከተተው። በከንፈሩ ያወራኛል፤ ግማሹን እገምታለሁ፣ ግማሹን ተሳስቼ እገምታለሁ። ሴፕቴምበርን በተመለከተ ጠይቆኝ አያውቅም። እኔም አልነገርኩትም። ቀጠሮው በጊዜው ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ሐኪሟን ልጠይቃት እችላለሁ። ስልኳ አለኝ። አልጠየቅኋትም።

ፌብሩዋሪ 22

የመጀመሪያው ጉብኝት። ከቬሮና የመጡ፣ ሁሉም ወፍራም ካፖርት የለበሱ። ኔሪዮ ሻርፑን ከፍ አድርጎ ጠምጥሞ፣ ጃንጥላውን ይዞ ኋላ ቆመ። ቲልዴ በመስታወቱ ውስጥ ታየናለች፤ ፎጣዋን ታጥፈዋለች፣ ትዘረጋዋለች፣ ታጥፈዋለች።

ስትራዳ ማጆሬ ላይ አልቸኮልኩም። ጣሪያውን አሳየኋቸውና ዝም አልኩ። ዝምታው ረዘመ። አንዱ ሰዓቱን አየ። በሕይወቴ እንደዚያ ተጨንቄ አላውቅም። ከዚያ አንዲት ቀይ ኮፍያ ያደረገች ሴት «ያውና! እዚያ ላይ!» ብላ ጮኸች፣ ሁሉም ጣታቸውን ቀሰሩ፣ ተሳሳቁ። ከኋላ ኔሪዮን አየሁት። ከኔ ጋር ሳይሆን ከሴትዮዋ ጋር ነበር የሚስቀው።

ከፖደስታው ሕንፃ ሥር ሁሉም ተንሾካሹከው ሲበቃቸው ፎቶ ይነሡ ብዬ ወደ አደባባዩ ለቀቅኋቸው። ዞር ስል ኔሪዮ ጥጉ ላይ ቆሟል፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አድርጎ፣ ጃንጥላውን እንደያዘ። ጀርባው ቀጥኗል። ወደ ማዶው ጥግ ሄድኩ።

የምለውን ከመከር ጀምሮ አዘጋጅቼዋለሁ። ቀጠሮውን ያሻገርኩት እኔ ነኝ። ትከሻህን ነቀነቅህ እንጂ ምንም አላልከኝም። እያሳለህ እኔ መስታወት ፊት ነበርኩ። እያንዳንዱን ቃል በቃሌ አውቀዋለሁ። ግንባሬን ድንጋዩ ላይ አደረግሁ፤ ቀዝቃዛ ነበር። አፌን ስከፍት የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ኔሪዮ፣ አለህ?»

ከዚያ ነው ሞኝነቴ የገባኝ። ትንፋሹ የሚወጣው በአንገቱ ነው፤ ግድግዳው ድረስ የሚደርስ ሹክሹክታ የለውም። መልስ ሊመልስልኝ ከማይችል ሰው መልስ የምጠይቅ እህት። ልዞር ነበር።

ኳ። ኳ።

በድንጋዩ ውስጥ አልፎ ጆሮዬ ሥር ድረስ መጣ። ሁለቴ። አላበዛውም፣ አላሳነሰውም።

ዓይኔን በእጅጌዬ ጠርጌ ወደ ሰዎቹ ወጣሁ።